የእንቁራሪቷ ግራ ፍሬቻ

ሱቲዬም ለባሏ ለዳርሶኖ ብዙ ነገር አልፋለታለች። ማንኮራፋቱን አልፋለታለች፤ ልጃቸው ጋሊህ የተወለደ ዕለት ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ማምሸቱን አልፋለታለች፤ እናቷ የሰጠቻትን ፍየል በመኪና ጎማ መለወጡን እንኳ አልፋለታለች። የግራ እጇን ነገር ግን አላለፈችለትም።

ዳርሶኖ ቮልስ አለው። ክሬም ቀለም፣ ዓይኗ ክብ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፤ በአገራቸው በተማንጉንግ ሰው ሁሉ እንቁራሪት የሚላት ዓይነት። ከአንድ ጡረታ ከወጣ የጥርስ ሐኪም ሲገዛት ጋሊህ ገና ድዱን እያሳየ ነበር የሚስቀው፤ አሁን ጋሊህ ራሱ ሚስት ሊያገባ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ዳርሶኖ ከእንቁራሪቷ ላይ አንዲት ቡሎን አልለወጠም። የሆነ ነገር ቀይር ሲሉት ደረቱን ነፍቶ «ኦሪጅናል ናት» ይላል። መስታወቱ ኦሪጅናል፣ ወንበሩ ኦሪጅናል፣ ከወንበሩ ስር የሚሸተው ነገር ሳይቀር ኦሪጅናል። አምፖሎቹም ኦሪጅናል ነበሩ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የኋላ መብራቷ ሲበራ የቅርንፉድ ሲጋራ ጫፍ ቢያህል ነው። ፍሬቻዋማ ባይወራ ይሻላል። ፀሐይ ካለ አይታይም፣ ዝናብ ካለ አይታይም፣ ጉም ከወረደ ጨርሶ የለም። አንድ ቀን ወደ ግራ ሲታጠፉ ዶሮ የጫነ መኪና ከኋላ ሊወጣባቸው ምንም አልቀረው፤ ላባው በመስኮት ገብቶ ሱቲዬም ፀጉር ላይ ተለጠፈ። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ደህና አምፖል ይገዛ ነበር። ዳርሶኖ ግን ምን ያደርግለታል? ሚስት አለችው።

«ቡ፣ እጅ!»

ልጅ ከወለዱ ወዲህ እሱ «ቡ» ነው የሚላት፣ እናት እንደማለት፤ እሷም «ፓክ» ትለዋለች፣ አባት እንደማለት። በአገራቸው ሾፌሩ በቀኝ ስለሚቀመጥ ግራው የእሷ ድርሻ ነው። «ቡ፣ እጅ!» ሲላት መስኮቱን ዝቅ ታደርግና ክንዷን እስከ ብብቷ አውጥታ ለዓለም ሁሉ ታሳያለች። ዝናብ ይዝነብ፣ አውቶቡስ ጭቃ ይርጭባት፣ ጉዳዩ አይደለም። እንቅልፍ ሸለብ ካደረጋት በክርኑ ይጎስማታል። አንድ ዓመት ለኢድ ስጦታ ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሲሰጣት ልቧ ድንግጥ አለ፤ ስትፈታው ቢጫ የእጅ ባትሪ ነው።

«ሲመሽ ደግሞ በዚህ ታወዛውዢበታለሽ» አላት። ፊቱ ከፍሬቻው ይልቅ በርቶ ነበር።

መሪውን ቢሰጣት እንኳ አንድ ነገር ነው። ሱቲዬም ትምባሆ በደረሰ ቁጥር የወንድሟን የፓርሚንን ፒክአፕ እስከ አፉ ጭና ያንን የተራራ ቁልቁለት ስትወርደው የኖረች ሴት ናት። የእንቁራሪቷን መሪ ግን አንድ ቀን ነክታ አታውቅም። ስትጠይቀው ዳርሶኖ ይስቃል። «ሴት ግራ አብርታ ቀኝ ትታጠፋለች» ይላል። ይሄን ቀልድ እሱ ያለበት የቮልስ ባለቤቶች ማኅበር ወንዶች በሙሉ ያውቁታል፤ በተሰበሰቡ ቁጥር አዲስ የሰሙ ይመስል ይንከተከታሉ። እሷም ከጎኑ ተቀምጣ፣ እጇን አውጥታ፣ ለሱ ፍሬቻ ሆና ትሰማዋለች።

ጋሊህ ሊያገባ ሳምንታት ሲቀሩት ሱቲዬም የኪራይ ልብስ ልትለካ ሄደች። እጅጌው ስስ ዳንቴል የሆነ፣ ውስጡን የሚያሳይ ከባያ የሚሉት የክት ሸሚዝ ነበር። አከራይዋ ልጅ ቁልፎቹን ቆልፋላት ወደ ኋላ አለችና ግራ ገብቷት ሁለቱን ክንዶች አፈራርቃ አየች። ቀኙ የሰው ነው። ግራው ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነገር መስሏል።

«ቡ፣ ይሄኛው እጅ የማን ነው?» አለች ልጅቷ።

ሱቲዬም ልብሱን አወለቀች፣ ወደ ቤት ሄደች፣ ዳርሶኖ ግቢው ውስጥ የእንቁራሪቷን ኮፈን በጨርቅ ሲያሻሽ አገኘችው።

«ፓክ፣ አምፖል ቀይር።»

«ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«በልጄ ሰርግ ቀን ይሄ እጅ ከመስኮት አይወጣም። ሰው ሁሉ የሚያስገባውን ኤልኢዲ የሚሉትን አስገባ። ካልሆነ እኔ ከስጦታ ትሪዎቹ ጋር በፒክአፕ ነው የምሄደው፤ አንተ እንቁራሪትህን አግባት።»

«ኤልኢዲ? በዚች ላይ?» ጨርቁን ጣለው። «ማኅበሩ ምን ይለኛል? ፋብሪካው እኮ ሲሠራት...»

«ፋብሪካው ሲሠራት እጅ አብሮ አላስቀመጠም! የእኔ እጅ ኦሪጅናል ነው ወይ?»

ጋሊህ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። «ፓክ፣ ቡ እውነቷን ነው። ክሌዱንግ ዳገት ላይ ጉሙን ታውቀዋለህ። ከኋላህ የምከተለው እኔ ነኝ። ካላየሁህ ቀጥ ብዬ ዎኖሶቦ ከተማ ነው የምገባው፤ ከዚያ እዚያው ሌላ ልጅ ፈልጌ አገባለሁ።»

ልጁ ሲቀልድ ነው። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የሙሽራዋ የኒንግሩም ቤት እዚያው ክሌዱንግ፣ ከሁለት ተራሮች መካከል፣ ደመና በሚያድርበት ቦታ ነው። የኒካሁን ሰዓት የቆረጡት አያቷ ምባህ ካርዮ ናቸው። የልጁን የልደት ቀን ከልጅቷ ቀን ጋር ደምረው፣ ቀንሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አስበው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው ውስጥ ካልታሰረ አይታሰርም ብለዋል። በማግስቱ ሱሮ ይገባል፤ በሱሮ ወር ደግሞ ማንም ልጁን አይድርም። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው እንደገና መደመር ሊጀምሩ ነው፤ የሚቀጥለው ድምር ምን እንደሚወጣው ማን ያውቃል? ጋሊህና ኒንግሩም ይሄን ቀን ለማግኘት ሁለት የትምባሆ አዝመራ ጠብቀዋል።

ዳርሶኖ እየተነጫነጨ እሺ አለ። ጋራዥ ወስዶ ያሠራት እንደሆነ ግን አትጠይቁ። የማኅበሩ መካኒክ ታርጆ ሁለት ቤት አልፎ ነው ያለው፤ አፉ ግን ከመፍቻው ይበልጣል። «ታርጆ አንዴ ካየ እስከ ሰማራንግ ነው የሚያወራው፤ እኔው ራሴ እሠራዋለሁ» አለና ስልኩን ጠርሙስ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ እያየ ግቢው ውስጥ ተዘረጋ።

መጀመሪያ ነጭ አምፖሎች ገዝቶ መጣ። ከቀዩ የኋላ መብራት ውስጥ ሲያበራቸው ሮዝ ሆኑ። የሕፃን ከረሜላ የመሰለ ሮዝ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ታርጆ በአጥሩ በኩል አንገቱን ያሰገገው።

«ፓክ ዳርሶኖ፣ ሰርግ ነው ወይስ ልደት?»

«ሂድ ወደ ሥራህ!»

«ከቀይ ሽፋን ኋላ ቀይ አምፖል ነው የሚገባው፣ ከፍሬቻው ኋላ ብርቱካናማ። አምጣት፣ ልይልህ።»

«ሂድ አልኩህ!»

ታርጆ እየሳቀ ሄደ። ዳርሶኖ ቀዩንና ብርቱካናማውን ገዛ። አሁን ደግሞ ፍሬቻው በርቶ ቀረ፤ ብልጭ ድርግም አልል አለ። አዲሶቹ አምፖሎች የሚጠጡት ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ጢቅ ጢቅ እያለች ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የምታደርገው አሮጌ ሪሌ መኖራቸውንም አላወቀች። አዲስ ሪሌ ገዛ። አዲሱ ሪሌ የሽቦ መግቢያው ከአሮጌው ባንድ ያንሳል። አንድ ሽቦ ተረፈው። ፍሬቻ ሲበራ ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ የምትለዋ የትንሿ አረንጓዴ መብራት ሽቦ ነበር።

ሱቲዬም የተቀቀለ ካሳቫ ይዛለት ስትወጣ ሽቦውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያየዋል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ምንም። ትርፍ ነው።»

«መኪና ትርፍ ሽቦ አለው?»

«ቡ፣ ካሳቫውን አስቀምጪና ግቢ።»

በኋላ የትንሿን መብራት አንዱን ጫፍ ከግራው ፍሬቻ ሽቦ፣ ሌላውን ጫፍ ከቀኙ ሽቦ ጋር አሰረው። አረንጓዴዋ ብልጭ አለች። ደስ አለው። ሱቲዬምን ጠርቶ ከኋላ አቆማት።

«ግራ! ይበራል?»

«ይበራል።»

«ቀኝ! ይበራል?»

«ይበራል። ግን ፓክ፣ ግራ ስትል ቀኙም ይበራል። ቀኝ ስትልም ግራው። ከፊት ያሉትም። ሁሉም ነው የሚበራው።»

ዳርሶኖ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አንቺ ሴትዮ! አይበራም አይበራም እያልሽ ነፍሴን አወጣሽው። አሁን ሲበራ ደግሞ በዛ?»

«በዛ አላልኩም። ፍሬቻ አንዱ ጎን ነው የሚበራው ነው ያልኩት።»

«ፀሐይ ነው። መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ነው።»

«ሰማዩ ደመና ነው!»

«ቡ!»

በዚህ መሐል የጎረቤት ሴቶች የሰርግ ስጦታውን ሊያሰናዱ ገቡ፤ ሙዙ፣ ጣፋጩ፣ የሙሽራዋ ጨርቅ በትሪ በትሪ መደርደር ነበረበት። ሱቲዬም ደከማት። ሃያ ጊዜ ብትነግረው ሃያ ጊዜ «ቡ!» ነው የሚላት። ትታው ገባች። እጄ ከመስኮት አይወጣ እንጂ ለራሱ ጉዳይ፣ አለች በልቧ።

የሰርጉ ጠዋት ዝናብ ነበር። የሙሽራው ወገን በዳርሶኖ ግቢ ተሰበሰበ። እንቁራሪቷ ትመራለች፤ እሷን የፓርሚን የቤት መኪና ይከተላል፤ ከዚያ ታርጆና የማኅበሩ ቮልሶች፤ ከዚያ ትሪ የጫነው ፒክአፕ። ጋሊህ የፓርሚን መኪና ውስጥ ነው፤ ነጭ ልብስ ለብሷል፣ እንቁራሪቷ ደግሞ ከጣሪያዋ ታንጠባጥባለች። ስልኩ ኪሱን እንዳያሳብጠው ቦርሳዋ ውስጥ እንድትይዝለት ለእናቱ ሰጣት።

ዳርሶኖ ቢጫውን የእጅ ባትሪ ከበሩ ኪስ አውጥቶ፣ «እንግዲህ ይሄ አያስፈልገንም» አለና የቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው። ሱቲዬም አየችው። አንስታ መልሳ ከበሩ ኪስ ከተተችው።

ዳገቱን ተያያዙት። ዳርሶኖ ሲነዳ እንቁላል የተሸከመ ሰው ይመስላል፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ። ክሌዱንግ ሲቃረቡ ጉሙ ወረደ። የዝናብ መጥረጊያው «ኪይ... ኪይ...» ይላል። ከኋላ የፓርሚን መብራት ብቻ ድብዝዝ ብሎ ይታያል።

እዚያ አገር ሰው በዝናብና በጉም ሲነዳ፣ በተለይ ተከታትሎ ሲሄድ፣ አራቱንም ፍሬቻ ባንዴ ያበራል። ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው፣ ተከተለኝ ማለት ነው። ትራፊክ ፖሊስ አታድርጉ ይላል፤ ማን ይሰማዋል? ፊት የሚመራው መኪና አራቱን ሲያበራ ከኋላ ያለው ሁሉ አይቶ አራቱን ያበራል፤ ነገሩ እንደ ሰላምታ ነው፤ አለመመለስ ነውር ነው።

የሙሽራዋ መንደር መግቢያ ከጎመን ገበያው አጠገብ ወደ ግራ ነው። ቀጥ ያለው መንገድ ቁልቁል ዎኖሶቦ ይወርዳል። ዳርሶኖ ገበያውን አየና የፍሬቻውን እጀታ ወደ ታች ጫን አደረገው። አረንጓዴዋ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«አየሽ?» አላት። «እጅ የለ፣ ምን የለ።»

ሱቲዬም ግን የፊት መስታወቱን ነበር የምታየው። ጉሙ ግራው ላይ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ቀኙም ላይ ይሆናል። እኩል።

«ፓክ፣ ሁለቱም ጎን ነው የሚበራው! አራቱም ነው! ከኋላ ያሉት...»

«ቡ!»

ታጠፈ። ሱቲዬም ወደ ኋላ ዞረች። የፓርሚን መኪና አራቱንም ፍሬቻ ብልጭ ድርግም እያደረገ፣ ሙሽራውን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ አለፈ። ከኋላው ታርጆ፣ አራቱንም እያበራ፣ ቀጥ። ከኋላው ሁለተኛው ቮልስ፣ ሦስተኛው ቮልስ፤ ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም አራቱን እያበራ፣ ቀጥ። በመጨረሻ ትሪ የጫነው ፒክአፕ ሙዙን ይዞ አለፈ። ጉሙ ዋጣቸው።

«አቁም!»

«ምንድን ነው?»

«አቁም አልኩህ! ልጄ ዎኖሶቦ ሄደ!»

ዳርሶኖ አቆመ። በትንሹ መስታወት ወደ ኋላ አየ፤ ባዶ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየ፤ አሁንም ባዶ ነው።

«ለምን ተከትለውኝ አልታጠፉም? ዕውር ናቸው?»

«አራቱን አብርተህ ቀጥ እሄዳለሁ ስትላቸው! ነግሬህ አልነበረም? ግቢ ውስጥ ቆሜ በዚህ አፌ አልነገርኩህም?»

ዳርሶኖ አገጩን አከከ። «ኧረ ተረጋጊ። ሲያጡን ይመለሳሉ። እኛ ቀድመን ገብተን መጡ እንበል።»

«ሙሽራ ሳንይዝ? ምን ይዘን ነው የምንገባው? እንቁራሪት?»

ፓርሚን ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም፤ ፓርሚን ሲነዳ ስልክ አያነሳም። ጋሊህ ጋ ልትደውል አሰበችና ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ መሆኑ ትዝ አላት። እሱም አስበው እንደጠሩት ሁሉ ጮኸ። የኒንግሩም እናት ናት።

«ጋሊህ፣ ልጄ፣ የት ደረሳችሁ? ምባህ ካርዮ ሰዓቱ ስር ቆመው አልቀመጥም ብለዋል። ኒካህ አሳሪውም ታች መንደር ሌላ ኒካህ አለባቸው...»

«እኔ ነኝ፣ ሱቲዬም። ደርሰናል። ማለት... እየደረስን ነው። አንድ ቦታ ላይ ነን» አለችና ዘጋችው።

ያን ጊዜ ሱቲዬም ጫማዋን አወለቀች። የታሰረውን ባለ ጥለት የባቲክ ሽርጧን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጎጠችው። በሩን ከፍታ በዝናብ ዞረችና የዳርሶኖን በር ከፈተችው።

«ውረድ።»

«ምን?»

«ውረድና በዚያ ዞረህ ግባ።»

«ቡ፣ ቀልድ አታብዢ። በጉም? በዚች መኪና? ሴት እንኳን በጉም በፀሐይም ግራ አብርታ...»

«እኔ ብሳሳት አንዱን ካንዱ ነው። አንተ አራቱንም አበራህ! ውረድ!»

ከደጅ ቆማ ከባያዋ እየራሰ ነው። ያ የኪራይ ዳንቴል፣ ያ ፀጉር፣ ያ ጠዋት የተደከመበት ኩል ሁሉ ቁልቁል እየወረደ ነው። ዳርሶኖ ፊቷን አየ፤ በትዳር ዘመኑ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም መሰለኝ፤ ወረደ።

ሱቲዬም ባዶ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፈች። አዞረቻት፤ እንቁራሪቷ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ቀጥ አለች። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ቁልቁል ወደ ዎኖሶቦ ለቀቀቻት።

«ቀስ! ቀስ በይ! ማርሹ ኦሪጅናል ነው!»

«ዝም በል።»

«ፍሬኑም ኦሪጅናል ነው!»

ይሄኛው እሷንም ትንሽ አስፈራት። ግን መንገዱን ታውቀዋለች። ትምባሆ የጫነ ፒክአፕ ከእንቁራሪት ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከዚህ የባሰ ነበር። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። ከሻይ እርሻው በታች፣ አሁንም በግራ፣ አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ትምባሆ ሲጫንበት የሚያገለግል ነው፤ በጓሮ በኩል እዚያው መንደር ያደርሳል። ወደ ኋላ ተመልሶ መዞር ሳያስፈልግ።

የሻይ እርሻው መጠለያ ጋ አገኘቻቸው። መንገዱ ዳር ተደርድረው ቆመዋል፣ ሁሉም አራቱን እያበሩ። ታርጆ የተቀቀለ ለውዝ እየፈለፈለ መሐል መንገድ ላይ ይጮኻል፦

«እንቁራሪቷ የት ዘለለች? ጉድጓድ አይታችኋል?»

ጋሊህ በነጭ ልብሱ፣ አንገቱ ላይ የጃስሚን አበባ አንጠልጥሎ፣ ከአናቱ የሙዝ ቅጠል ይዞ ቆሟል። ፊቱ ከልብሱ ነጥቷል። እናቱን መሪው ኋላ ሲያያት አፉ ተከፈተ።

«ቡ? ፓክ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው። ፍሬቻ ሆኗል። ግባ መኪናህ ውስጥ!» ራሷን በመስኮት አውጥታ ለሁሉም ጮኸች። «ሰማችሁ? አራት መብራት የሚባል ነገር ሁሉም ያጥፋ! ማንም እንዳያበራ! የፓክን እጅ ነው የምትከተሉት!»

ታርጆ ለውዙን ጥሎ ሮጠ። ሱቲዬም ከፊታቸው ገባች፤ የፍሬቻውን እጀታ አልነካችውም። ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሟል። መግቢያውን በዓይኗ አይደለም ያወቀችው፤ መንገዱ ዝቅ ብሎ ከፍ የሚልበትን ቦታ ሰውነቷ ያውቀዋል።

«ፓክ፣ እጅ!»

ዳርሶኖ ዞር ብሎ አያት።

«ከበሩ ኪስ ውስጥ ባትሪው አለልህ። አውጣና አወዛውዝ። ቶሎ!»

መስኮቱን ዝቅ አደረገ። አዲሱን የባቲክ ሸሚዙን ለብሶ፣ ግራ ክንዱን ከነቢጫ ባትሪው እስከ ብብቱ አወጣ። ዝናቡ እንደ ተቀጠረ ሰው ጠብቆ ወረደበት።

«ውሃው እጅጌዬ ውስጥ ገባ!»

«ዝቅ አታድርገው።»

«ብብቴ ደረሰ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች ሱቲዬም፣ መሪውን እያዞረች። «የት የት እንደሚደርስ ሁሉን አውቀዋለሁ።»

ሱቲዬም በመስታወቱ አየች። ፓርሚን ታጠፈ። ታርጆ ታጠፈ። ቮልሶቹ አንድ ባንድ ታጠፉ። ፒክአፑም ሙዙን ይዞ ታጠፈ።

የሙሽራዋ ደጅ ሲደርሱ ኒካህ አሳሪው አንድ እግራቸውን ጫማ አስገብተው ሌላውን ሊያስገቡ ጎንበስ ብለዋል። ምባህ ካርዮ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ስር እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ሱቲዬም በባዶ እግሯ፣ ሽርጧ እንደተሸጎጠ፣ ልጇን በክንዱ ይዛ ገባች።

«አምጥቻለሁ» አለች።

ሽማግሌው ሰዓቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እግሯ ላይ ያለውን ጭቃ አዩ። «ገና አራት አልሞላም» አሉ። «ግቡ።» ወደ ኒካህ አሳሪው ዞሩ። «እርስዎም ጫማዎን ያውልቁ።»

ኒካሁ ታሰረ። ኒንግሩም መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ በአማቷ ፊት ላይ የወረደውን ኩል ስታይ ሳቀች፤ ሱቲዬምም ሳቀች። ጠዋት ከተነሳች ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ትንፋሽ የወጣላት።

ከምግብ በኋላ ታርጆ ጥርሱን እየጎረጎረ እንቁራሪቷ ውስጥ ገባና ዳሽቦርዱ ስር ተንጋለለ። ዳርሶኖ አጠገቡ ቆሞ፣ የራሰ እጅጌውን እየጨመቀ አየው።

«ይቺውና!» አለ ታርጆ ከስር። «ይቺን አረንጓዴ መብራት በግራና በቀኝ መሐል ድልድይ አደረግካት እኮ ፓክ። ወደ ግራ የላክኸው በእሷ በኩል ወደ ቀኝ ይሻገራል። ድሮ አምፖሎቹ ሆዳሞች ስለነበሩ በዚች ጠብታ አይበሩም። ኤልኢዲ ግን ብታስነጥስበትም ይበራል።»

«አንተስ?» አለችው ሱቲዬም። «መካኒኩ፣ ቀጥ ብለህ ሄድህ አይደል?»

«ምባክ፣ እህቴ፣ እኔማ አራቱን ሲያበራ አይቼ በአክብሮት አበራሁ።» ነቅሎ ያወጣትን ትንሿን አምፖል ለዳርሶኖ እጁ ላይ አስቀመጠለት። «በል ሞክራት።»

ሞከሩ። ግራ ሲሉ ግራ ብቻ፣ ቀኝ ሲሉ ቀኝ ብቻ። በዚያ ዝናብ ከመንደሩ ጫፍ ይታያል። ሕፃናት ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ዳርሶኖ ደረቱ መልሶ ነፋ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሊመለሱ ሲነሱ ዳርሶኖ እንደ ልማዱ ወደ ቀኙ በር ሄደና እጁን ዘረጋ። ቁልፉ ግን ሱቲዬም ጣት ላይ ይሽከረከር ነበር። ትንሽ ቆመ። ሰው ሁሉ ያያል፤ የማኅበሩ ወንዶች በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው ማንም ያን ቀልድ አላወጣም። ዳርሶኖ በእንቁራሪቷ አፍንጫ በኩል ዞሮ በግራ ገባ።

ሱቲዬም አስነሳች። ከግቢው ሲወጡ የመንደሩ መንገድ ወደ ግራ ነው። የፍሬቻውን እጀታ ጫን አደረገችው። ግራው ብቻ፣ ብርት ጥፍት፣ ብርት ጥፍት፣ ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ።

«ፓክ፣ እጅ።»

«መብራቱ እኮ ይሠራል!» አለ ዳርሶኖ። «ታርጆ ሠርቶታል፤ አየሽው አይደል? ከሩቅ ይታያል!»

«ይታያል» አለች ሱቲዬም። እግሯን ፍሬኑ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «እኔ ግን ኦሪጅናሉን ነው የምወደው።»

ዝናቡ ጣሪያውን ያንኳኳል። ከኋላቸው ፓርሚን ክላክስ ነፋ። ዳርሶኖ ሚስቱን አየ፤ በረንዳውን አየ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገና እጁን አወጣ።